ጋሽ ኮርሳና ሦስቱ ጣሳዎች

እኛ ፉሪ ሰው ሲያርፍ ወሬውን ቀድሞ የሚያደርሰው የጋሽ ኮርሳ ጡሩምባ ነው። ጎህ ሲቀድ ከቤታቸው ይወጣሉ። መንገድ ከመንገድ በሚገናኝበት ሁሉ ቆመው ረዘም አድርገው ይነፋሉ፤ ትንሽ ይጠብቃሉ፤ ከዚያ ይናገራሉ። ያቺ ትንሽ ጥበቃ ለምን እንደሆነች አንድ ቀን ጠየቅኋቸው።

«ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል» አሉኝ። «ቀጥሎ ጆሮውን ከብርድ ልብሱ ያወጣል። መናገር ያኔ ነው። በድንጋጤው ላይ ከተናገርክ የሚሰማህ ነፋስ ብቻ ነው።»

ጡሩምባ መንፋት ቀላል ሥራ የሚመስለው ይኖራል። ጡሩምባ ነፊው ያረፈው ማን እንደሆነ፣ ሐዘኑ የማን ቤት እንደሆነ፣ ቀብሩ የት እንደሆነና በስንት ሰዓት እንደሆነ ተሸክሞ መንደሩን ይዞራል። ከነዚህ አንዷ ከጎደለች እድርተኛው ወይ ቀብር ያመልጠዋል፣ ወይ ድንኳን ፍለጋ ሲንከራተት ይውላል። ጋሽ ኮርሳ ይህን ሁሉ የሚሸከሙት በቃላቸው ነበር። ፊደል አልቆጠሩም። የቀድሞው የእድራችን ጸሐፊ በራቸውን አንኳኩተው ይነግሯቸዋል፤ እሳቸው አንዴ ይሰማሉ፤ በቃ። በአንድ ሌሊት ከአንድ ሰው በላይ ባረፈበት ጊዜ እንኳ አንዱን ሐዘን ከሌላው አምታተው አያውቁም።

የተወለዱት እዚሁ ነው። አባታቸው ጤፍና ሽምብራ ያመርቱበት የነበረው መሬት ላይ ዛሬ ፎቆች ቆመዋል። እሳቸው ቀን ቀን ብሎኬት ማምረቻ ግቢ ይጠብቃሉ፤ ጓሯቸው ውስጥ የወተት ላሞች አሏቸው፤ ባለቤታቸው እትዬ ሸጊቱ ወተቱን ለአዲሶቹ ጎረቤቶች ታከፋፍላለች። ሰፈሩን የሚያውቁት ግን ዛሬም በድሮ ካርታው ነው። ፋርማሲው ለእሳቸው «የሽምብራው ማሳ» ነው። የሕንፃዎቹ መካከል ደግሞ «የነገሪ አውድማ» ነው። ጋሽ ነገሪ አብረዋቸው ከብት የጠበቁ፣ አብረዋቸው ያረሱ፣ አብረዋቸው ያረጁ ወዳጃቸው ናቸው።

ችግሩ የመጣው እንግዲህ ከዚህ ካርታ ነው። አሮጌው ጸሐፊ ሲደክማቸው ክርስቲያን ተመረጠ። በአንድ መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን የሚኖረው አዲሶቹ ብሎኮች ውስጥ ነው። ቅን ልጅ ነው፤ ለእድሩም ይደክማል። በአንድ የኮሚቴ ስብሰባ ላይ እንዲህ አላቸው።

«ጋሽ ኮርሳ፣ ቅር እንዳይልዎት። ከእንግዲህ መልእክቱን የምልክልዎት በስልክ ተጽፎ ነው። ማንበብ ይኖርብዎታል።»

«ደውልና ንገረኛ! ጆሮ ሞልቶኛል።»

«ባለፈው ደውዬ ነግሬዎት የለ? እኔ ብሎክ ሃያ አንድ አልኩ፤ እርስዎ ‹ከነገሪ አውድማ ጀርባ› ብለው ለፈፉ። ግማሹ ሰው አውድማ ሲፈልግ ዋለ። አውድማ የት አለ ጋሼ? ሊፍት እንኳ የሌለው ሕንፃ እኮ ነው ያለው!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ጋሽ ኮርሳም ሳቁ፤ ነገሩ እውነት ነበርና። ኮሚቴው ግን በሳቅ አላበቃም። ከፋሲካ በኋላ እስከሚደረገው ጠቅላላ ጉባኤ ድረስ ማንበብ ከቻሉ ጡሩምባው እሳቸው ጋ ይቆያል፤ ካልቻሉ ድምፅ ማጉያ የያዘ ጎረምሳ ይቀጠራል ተባለ።

ከስብሰባው ወጥተው ቀጥታ የሄዱት ጋሽ ነገሪ ቤት ነበር። ጋሽ ነገሪ ከታመሙ ሰንብተዋል፤ ኩላሊታቸው ነው። ትራሳቸው ላይ ቀና ብለው ተቀበሏቸው።

«አንተ ኮርሳ፣ ጡሩምባህን ሊቀሙህ ነው አሉ?»

«ማን ነገረህ?»

«አገር ያወቀውን! እኔን ግን በድምፅ ማጉያ እንዳታስጠራኝ። ባትሪው መሀል ላይ ያልቅና ‹አቶ ነገሪ› ብሎ ቀጥ ይላል። ሰዉም ልሙት ልሾም ሳያውቅ ይቀራል።»

«አንተን የምጠራህ እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ኮርሳ። «ሌላ ሰው አይጠራህም።»

«እንግዲያው ሂድና ተማር። እኔም እስከዚያው አልቸኩልም።»

እነሆ፣ ጋሽ ኮርሳን በስተርጅና ደብተር ያስያዛቸው ይህ ቃል ነው። ለእትዬ ሸጊቱ ሲነግሯት «ሱሪህን ልተኩስልህ እንዴ፣ ተማሪው?» ብላ ስቃባቸዋለች፤ በነጋታው ግን እርሳሱን ራሷ ቀርጻ ሰጠቻቸው።

የጎልማሶች ትምህርት የሚሰጠው ሀና ማርያም አካባቢ ባለ አንድ ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ከወጡ በኋላ ነው። አስተማሪዋ ብርነሽ ትባላለች። ብርነሽ አንድ ጥሩ ልማድ አላት፤ ይህን ልማዷን ማስረዳት እወዳለሁ፤ የታሪኩ ልብ እሱ ነውና። መምህራን «ተከታታይ ምዘና» ይሉታል። ስሙ ይከብዳል እንጂ ነገሩ የታክሲ ረዳት በየቀኑ የሚያደርገው ነው። ረዳቱ «ወራጅ አለ?» ብሎ የሚጠይቀው ፌርማታው ከመድረሱ በፊት ነው። ካለፈ በኋላ ቢጠይቅ ምን ይሠራል? የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ፌርማታው ካለፈ በኋላ እንደሚጠይቅ ረዳት ነው፤ ማን እንደቀረ ይነግርሃል እንጂ አይመልስልህም። ብርነሽ ግን በየትምህርቱ መሀል፣ ገና መኪናው ሳያልፍ፣ ማን የት እንደደረሰ ማወቅ ትፈልጋለች። ካወቀች በኋላ የነገውን ትምህርት በዚያው ልክ ታስተካክላለች።

ለዚህ ብላ ሦስት ጣሳዎች በር አጠገብ አስቀመጠች። በአንደኛው ላይ ሙሉ ብርጭቆ፣ በሁለተኛው ግማሽ፣ በሦስተኛው ባዶ ብርጭቆ ሣለች። ተማሪው ሲወጣ አንድ ቆርኪ ይሰጠዋል። በደንብ የገባው ሙሉው ላይ፣ ትንሽ የቀረው ግማሹ ላይ፣ ያልገባው ባዶው ላይ ይጥላል። መጻፍ አይጠይቅ፣ መናገር አይጠይቅ። እንዴት ያለ ብልሃት ነው!

ብልሃቱ ግን አልሠራም። ማታ ማታ ቆርኪው ሁሉ ሙሉው ጣሳ ውስጥ ይገኛል፤ በማግስቱ ግን ትናንት የተማሩትን ፊደል የሚያስታውስ አይገኝም። ብርነሽ ግራ ገባት። በመጨረሻ ጠየቀቻቸው። ላፍቶ መንገድ ዳር ሽንኩርት የምትሸጠው ተሾመች ናት የተናገረችው።

«እንግዲህ እውነቱን ልንገርሽ። አንቺ ደክመሽ፣ ጉሮሮሽ ደርቆ ስታስተምሪ ውለሽ፣ እኛ ባዶ ጣሳ ላይ ስንጥል ምን ይልሻል? ልፋትሽን መና ማስቀረት አይደለም? ነውር ነው።»

«ታዲያ ሳይገባችሁ?»

«ሳይገባንም ቢሆን!» አለች ተሾመች። «አንቺን ግን አላስከፋንሽም።»

ይሉኝታ ማለት ይህ ነው። ቤቱን ያለፈ ተሳፋሪ «ወራጅ አለ» ብሎ ሾፌሩን ላለማስቸገር እስከ መጨረሻው ፌርማታ የሚሄድ ይመስል፣ ክፍሉ በሙሉ ለአስተማሪዋ አዝኖ ሳይወርድ ይሄድ ነበር።

ብርነሽ ጣሳዎቹን መደርደሪያ ላይ ሰቀለችና ሌላ ዘዴ አመጣች። በብጣሽ ወረቀት ላይ አጫጭር ትእዛዞች ጻፈች። ተማሪው ከመውጣቱ በፊት አንድ ብጣሽ ያነሣና ያነባል፤ ከዚያ የታዘዘውን ያደርጋል። «በሩን ክፈት» የሚል ያነበበ ይከፍታል። «ሰሌዳውን ጥረጊ» የሚል ያነበበች ትጠርጋለች። እዚህ ላይ ይሉኝታ ቦታ የለውም። ለአስተማሪ አዝኖ በር መክፈት አይቻልማ፤ ወረቀቱ የሚለው ስለ መስኮት ከሆነ።

የመጀመሪያ ቀን ብጣሽ ለማንሣት የተጠሩት ጋሽ ኮርሳ ነበሩ። የክፍሉ ኩራት እሳቸው ነበሩና። መጽሐፉን ገልጠው ጣታቸውን በመስመሩ ላይ እየወሰዱ ገጽ በገጽ ሲወጡት ሌሎቹ አፋቸውን ከፍተው ይሰሟቸዋል። ተሾመች «ፕሮፌሰር» ትላቸው ነበር።

ጋሽ ኮርሳ ብጣሿን አነሡ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። በዚያ በሚያምር ድምፃቸው «ውሃ አፍልቶ መጠጣት ለጤና ይጠቅማል» አሉ።

ያ የዕለቱ ትምህርት ነበር። ብጣሿ ላይ የተጻፈው ግን «መስኮቱን ዝጋ» ነበር።

ብርነሽ ከወንበሯ ተነሣች። ራሷ ሄዳ መስኮቱን ዘጋችው። ያኔ ጋሽ ኮርሳ ብጣሿን አዩ፣ መስኮቱን አዩ፣ ነገሩ ገባቸው። ቆባቸውን እንኳ ሳያነሡ ወጡ። በነጋታው አልመጡም። በተከታዩም አልመጡም።

ብርነሽ ብሎኬት ማምረቻው ድረስ ሄደች። ጋሽ ኮርሳ በር ላይ ተቀምጠው ነበር።

«አትድከሚ ልጄ» አሉ ገና ሳትናገር። «ይህ ራስ ደርቋል። ጡሩምባውንም ለጎረምሳው እሰጠዋለሁ።»

«እኔ የመጣሁት ልጠይቅዎት ነው እንጂ ላባብልዎት አይደለም» አለች፤ ጎን ያለ ብሎኬት ላይ ተቀመጠች። «የሐዘን መልእክት ሲነገርዎት እንዴት አድርገው ነው የሚይዙት?»

ጋሽ ኮርሳ ስለ ሥራቸው ሲጠየቁ ኩርፊያ አይዘልቅላቸውም። «በመንገዴ ላይ አስቀምጠዋለሁ» አሉ። «ስሙን ደጃፌ ላይ፣ ቤቱን ድልድዩ ላይ፣ ቀብሩን ዋርካው ሥር፣ ሰዓቱን ጠጠር መንገዱ ጫፍ። እየሄድኩ አነሣዋለሁ። አንድም አይወድቅብኝም።»

«መጽሐፉንስ?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱንም እንደዚያው። አንቺ ስታነቢ በየመስመሩ ጫፍ አስቀምጠዋለሁ።»

ብርነሽ እጇን አጨበጨበች። ደስታዋን ሳስበው ዛሬም ያስቀኛል፤ ያጣችውን ቁልፍ ያገኘች ነበር የምትመስለው። «አዩ! ጆሮዎ ፈጣን ስለሆነ ዓይንዎ ሥራ አጥቶ ነው የተቀመጠው። ራስዎ አልደረቀም ጋሼ። ጥፋቱ የእኔ አነባበብ ነው። ሁልጊዜ እኔ አስቀድሜ አነብና ‹ድገሙ› እላለሁ። ዓይንዎ ተራ ደርሶት አያውቅም። ከነገ ጀምሮ ለእርስዎ ቀድሜ አላነብም።»

እስኪ ይህን ልብ እንበል። ያቺ የመስኮት ብጣሽ ጋሽ ኮርሳን ጣለቻቸው የሚል ሰው ተሳስቷል። ብጣሿ ያሳየችው የቀጣዩ ትምህርት ከየት መጀመር እንዳለበት ነው። የዓመቱ ፈተና ቢሆን ኖሮ መጽሐፉን በቃላቸው ወጥተውት፣ ሙሉ ማርክ አግኝተው፣ አንድ ሐዘን ሳያነቡ ይቀሩ ነበር።

በነጋታው ተመለሱ። ብርነሽ አዲስ ትምህርት ጀምራ ስትጨርስ እንደ ልማዷ «ገባችሁ?» አለች። ክፍሉም እንደ ልማዱ «ገብቶናል!» አለ። ጋሽ ኮርሳ ተነሡ። ትንሽ ጠበቁ፤ ያችን የጡሩምባ ጥበቃ። ከዚያ ጠጠር መንገዱ ጫፍ ድረስ በሚሰማው ድምፃቸው፣

«አልገባኝም!» አሉ።

ክፍሉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። ሽማግሌ፣ የእድር ሰው፣ አልገባኝም ብሎ ሲለፍፍ ማን ሰምቶ ያውቃል? የብርነሽ ፊት ግን እንደ ሙሽራ በራ።

«የቱ ጋ ነው ጋሼ?»

«ከሁለተኛው ቃል ጀምሮ።»

«እኔስ ከመጀመሪያው ነው ያልገባኝ!» አለች ተሾመች። ከኋላ አንዱ «እኔም» አለ፤ ሌላው ተከተለ፤ ከዚያ ሳቁ ጣራውን ሊያነሣው ደረሰ። ያን ዕለት ብርነሽ ጣሳዎቹን ከመደርደሪያው አወረደች። ማታ ስታያቸው ሙሉው ጣሳ ባዶ ነበር ማለት ይቻላል። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አያውቅም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ተማሪዎቿ የት እንዳሉ አወቀቻ።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝም ብሎ ሥራ ነው። ለጋሽ ኮርሳ ብጣሾቹ በየቀኑ አዲስ ናቸው፤ ማንም አስቀድሞ አያነብላቸውም። አንዳንዱን ተማሪዎቹ ራሳቸው ይጽፉላቸዋል። ተሾመች የጻፈችላቸው አንዲት ብጣሽ «ኮርሳ ሽንኩርት ይግዛ» ትላለች። እያንዳንዷን ፊደል እየገፉ፣ ላብ እያላባቸው አነበቧት፤ አንብበው ሲጨርሱ «ትመዝኚልኝ እንደሆነ ነው እንጂ በዓይን ግምትሽስ አልገዛም» አሏት። ክፍሉ አጨበጨበ። እሳቸው ግን ብጣሿን ኪሳቸው ከተቱ። ሰው ሳይነግራቸው ያወቋት የመጀመሪያ ነገር እሷ ናት።

ለጋሽ ነገሪም በየጊዜው እየሄዱ ያነቡላቸዋል፤ የመድኃኒት ካርቶን፣ የብስኩት ወረቀት፣ ያገኙትን። «ዘገየህ» ይሏቸዋል ጋሽ ነገሪ። «እኔ ድኜ እነሣለሁ እንጂ አንተን አልጠብቅም።»

አልዳኑም። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው፣ ጎህ ሊቀድ ሲል፣ የጋሽ ኮርሳ ስልክ ጮኸ። ደወል አልነበረም፤ መልእክት ነው። እትዬ ሸጊቱ መብራቱን አበራች። «ልጠይቅልህ ጎረቤት?» አለች። ራሳቸውን በእምቢታ ነቀነቁ፤ መነጽራቸውን አደረጉ።

«አቶ» አሉ። ቀጥሎ «ነ» አሉ። «ገ» አሉ። ሦስተኛዋን ፊደል ድምፅ አውጥተው አላነበቧትም።

እስከዚያ ቀን ድረስ የሞት ወሬ ሁሉ ወደ እሳቸው የመጣው በሰው አፍ ነው። የድሮው ጸሐፊ ያንኳኳሉ፣ ያጽናናሉ፣ ይናገራሉ፤ ክርስቲያን በጽሑፍ የላከውንም ጎረቤት ያነብላቸው ነበር። የነገሪን ግን ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው አነበቡት። እትዬ ሸጊቱ ትከሻቸውን ይዛ ቆመች። ካለቀሱ በኋላ ዓይናቸውን ጠርገው ወደ ስልኩ ተመለሱ፤ መልእክቱ ገና አላለቀማ። ሐዘኑ ብሎክ አሥራ ዘጠኝ። ቀብሩ ሀና ማርያም፣ ስድስት ሰዓት። መሀል ላይ አንዲት ቃል ቀረቻቸው፤ ክፍሉ ገና ያልደረሰበት ፊደል አለባት። የድሮው ኮርሳ በግምት ያልፏት ነበር። ወደ ክርስቲያን ደወሉ።

«ልጄ፣ አንብቤዋለሁ። አንዲት ቃል ናት ያልገባችኝ። ብሎክ አሥራ ዘጠኝ ካልከው ቀጥላ ያለችው።»

«‹ፓርኪንግ› ናት ጋሼ። ድንኳኑ የሚተከለው እዚያ ነው።»

«መኪና ማቆሚያ አትልም!»

ጡሩምባውን አንሥተው ወጡ። መጀመሪያው መገናኛ ላይ ረዘም አድርገው ነፉ። ጠበቁ። ያን ጠዋት ጥበቃው ከወትሮው ረዘመ፤ ይህን የሰማ ሰው ሁሉ ይመሰክራል። ከዚያ ድምፃቸው መጣ፦

«አቶ ነገሪ አርፈዋል! ለቅሶው ብሎክ አሥራ ዘጠኝ መኪና ማቆሚያ፣ እሱም የነገሪ አውድማ ነው! ቀብሩ ሀና ማርያም፣ ስድስት ሰዓት!»

አዲሱም ነዋሪ፣ ነባሩም በሰዓቱ ደረሰ። አውድማውን የሚፈልግ ማንም አልነበረም፤ በላዩ ላይ ቆመው ነበር።

ጠቅላላ ጉባኤው በደረሰ ጊዜ የጡሩምባውን ጉዳይ ያነሣው ክርስቲያን ራሱ ነው። «ጡሩምባው ጋሽ ኮርሳ ጋ ይቆይ» አለ። «ያን ቀን አንዲት ቃል ብቻ ጠየቁኝ። ያላወቁትን ለይቶ የሚጠይቅ ሰው አያሳስተንም።» ተጨበጨበ። ጋሽ ኮርሳ ተነሥተው ከኋላ ወደተቀመጠችው ወደ ብርነሽ ዞሩ፤ እሷም የእድራችን አባል ናት።

«እግዜር ይስጥሽ ልጄ» አሉ። «ወዳጄን በገዛ ዓይኔ አንብቤ፣ በገዛ አፌ ጠራሁት። መስኮቱን ስለዘጋሽልኝም፣ ብሎኬት ላይ ስለተቀመጥሽልኝም እግዜር ይስጥሽ። ተሾመችንም ስለ ሽንኩርቷ።» ብርነሽ በነጠላዋ ዓይኗን ጠረገች።

ከዚያ ክርስቲያን የተሻሻለውን መተዳደሪያ ደንብ ማንበብ ጀመረ። ፈጥኖ አነበበ፤ ረጅም ነው፤ ሙቀቱም ከብዷል። ሲጨርስ ቀና ብሎ «ግልጽ ነው?» አለ።

«ግልጽ ነው!» አለ ጉባኤው በአንድ ድምፅ።

ጋሽ ኮርሳ ተነሡ። ትንሽ ጠበቁ።

«አልገባኝም!»

አዳራሹ በሳቅ ተናወጠ። ሳቁ ሲበርድ ግን ከወዲህም ከወዲያም እጆች ሲወጡ አየሁ፤ አንዱ የእኔ ነበር። ክርስቲያንም ሳቀ፤ ወንበር ስቦ ተቀመጠና ወረቀቱን ወደ መጀመሪያው ገጽ መለሰ።

«የቱ ጋ ነው ጋሼ?» አለ።